እማዬ «ሁለት ነን» ያለች ዕለት

ለተወደዱ አባቴ ለአቶ ኩማ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ያ የአሰብ ሙቀት እንዴት አድርጎ ይዞዎታል? ወገብዎስ ተሻለው ወይስ አሁንም ወደብ ላይ ጎንበስ ቀና ሲሉ ይይዝዎታል? ናፍቆታችን በወረቀት የሚያልቅ አይደለም። እኔም እማዬም እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነን። በአካል ብቻ ማለቴን ልብ ይበሉልኝ።

አባባ፣ ማዘጋጃ ቤት ፕላን ክፍል ሆነን ስለምንነድፈው አዲስ ሰፈር እስካሁን ያልጻፍኩልዎ ቤታችንም ፈርሶ ስለሚገባበት ነው። ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ባለው የከተማው መሬት ላይ ከታች ሱቅና ዳቦ ቤት፣ ከላይ መኖሪያ ያላቸው ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች ይሠራሉ። ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ ገበያው ሁሉ በእግር የሚደረስበት ነው፤ መኪና ከውጭ ይቀራል፣ ውስጡን ሰው በዛፍ ጥላ ይሄድበታል። መስመሩን የሳልኩት እኔ ነኝና አልዋሽዎትም፣ ኮርቼበት ነበር። እርስዎ ጭቃውን አቡክተው የመረጉት ቤት ላይ ስደርስ ግን እርሳሴን አስቀምጬ ተነሥቻለሁ።

እሑድ ዕለት ንድፉ ለቀበሌው ነዋሪ በስብሰባ ቀረበ። መሐንዲሱ ጓድ ጌታቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለው ሲያስረዱ ሰው አንገቱን አስግጎ አየ። ጎረቤታችን ጋሽ ታምሩ ተነሥተው ሰው ፎቅ ላይ ቢሞት ሬሳው በየት በኩል ይወርዳል ብለው ጠየቁና አዳራሹ አውካካ። ቀጥላ እማዬ ተነሣች። ቤቴን አትንኩ ብላ እሳት የምትተፋ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እሷ እቴ! ገበያና ሐኪም ቤት ስመላለስ ጉልበቴ አለቀ፣ የእኔ ቤት መጀመሪያ ይፍረስ ብላ ቁጭ!

ክፍል የሚሰጠው በቤተሰብ ቁጥር ነውና ሊቀመንበሩ ስንት ናችሁ አሏት። እኔ በልቤ ሦስት እያልኩ ነው። ሁለት ነን፣ እኔና ልጄ ታቢታ፣ አለች። ድምጿ እንኳ አልተሰበረም። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ።

ቤት እንደገባን አፈጠጥኩባት። አባባን በቁማቸው ቀበርሻቸው ወይ ብዬ ጮህኩባት። እሷ ጫማዋን እያወለቀች አባትሽ ቤት አለው አለችኝ። ከአሰብ ጨው ጭኖ የሚመጣው ሾፌር አለሙ አምና ነግሯት ኖሯል፤ አሰብ አብራዎት የምትኖረውን ሴትዮ ሮማን እንደሚሏት፣ ሁለት ልጆችም ከእሷ እንደወለዱ። አምና! ዓመት ሙሉ ለእርስዎ ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ሰላም በይልኝ ትለኝ ነበር እኮ።

እኔ ምን ልበል፣ አባባ? ውሸት ነው ይበሉኝ ልል ብዕሬን አነሣሁና ሾፌሩ የትልቋን ልጅ ስም ሳይቀር እንደነገራት ሳስብ ተውኩት። የቤተሰቡን ቁጥር ማረሚያ ጊዜ እስከ ሰኔ መጨረሻ አለ፣ እኔም እዚያው ቢሮ ነኝ። እማዬ ግን አትንኪው ብላኛለች። አልነካውም።

ጋሽ ታምሩ ጤና ይስጥልኝ ብለዋል። እማዬ ዛሬ ሰላምታ አልላከችም። ወይዘሮ ሮማንን ምን ብዬ ሰላም እንደምላቸው ስላላወቅኩ ዘልያቸዋለሁ፣ አይቀየሙኝ። ጽጌሬዳንና ታናሿን ግን ሁለቱንም ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ፤ አዋሳ እህት እንዳላቸውም እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው።

ልጅዎ ታቢታ ኩማ
አዋሳ፣ ግንቦት 12 ቀን 1972 ዓ.ም.