ምስር የተከለከለበት ሳምንት

ቅዳሜ

ዛሬ ደግሞ ምስር ተከለከለ። ትናንት ጎመን ነበር፣ ከዚያ በፊት ባቄላ። ነገ ውሃም ይከልክሉን።

የልጄ የኢክራም ማህፀን ውስጥ እጢ አለ። በአገራችን ማዮማ የሚሉት ነው፤ እዚህ ጅቡቲ ሐኪሟ ፊብሮም አለችው። የወር አበባዋ ከመጣ አይቆምም። ከንፈሯ ሳይቀር ነጥቷል።

ሐኪሟ የምትናገረው ፈረንሳይኛ ብቻ ነው። እኔና ኢክራም ከድሬዳዋ የመጣን ነን፣ ከቦንዡር አናልፍም። ስለዚህ ጎረቤታችን አሻ አስተረጎመችልን። አሻ እዚሁ ሰፈራችን ካርቲየ 1 ነው የተወለደችው፤ እናቷ የድሬ ሰው ስለሆነች አማርኛዋ እንደ እኛው ነው። የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ ትላለች። በየቀኑ ትላለች።

«ፊብር የሚባል ነገር አለ» አለችን። «በጥራጥሬና በአትክልት ውስጥ ይገኛል። ፊብሮምን የሚያሳድገው እሱ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል እኮ!»

ከዚያ ወዲህ ፊብር ያለበትን ምግብ በየቀኑ አንድ አንድ ታስታውሳለች። እኔም ከሳህን ላይ አነሳለሁ።

እሁድ

ኢክራም ከምትሠራበት የነፃ ንግድ ቀጠና መጋዘን ቀድማ መጣች። አዙሯት ነበር። ምን በላሽ ስላት፣ ሩዝ አለች። ሩዝና ሥጋ፣ ሥጋና ባጌት ዳቦ። «ደም በሥጋ ይተካል» ያለችውም አሻ ናት። ሆዷ ደርቆ መጸዳጃ ቤት ተቀምጣ ታለቅሳለች።

አምና ትልቋን ልጄን ዘይነብን ቀበርኩ። ወልዳ ደሙ አልቆም ብሏት። ልጁም አልተረፈ። አሁን ኢክራም «እማዬ፣ ዛሬም ብዙ ፈሰሰኝ» ስትለኝ ጆሮዬ ይደፈናል። ይህን ለሰው አልናገርም። እዚህ ልጻፈው።

ሰኞ

ምክር አንገሸገሸኝ። ዳቦ ሻጯ፣ ማር በጥቁር አዝሙድ። አንዷ፣ ወተት ይቅርባት። ሌላዋ፣ ወተት ይብዛላት። ሦስተኛዋ ደግሞ ሻይዬን እየጠጣች «የሐዘን እጢ ነው፣ እህቷን አልቅሳ አላወጣችም» አለችኝ። ከነብርጭቆዋ ላስወጣት ትንሽ ቀረኝ። አላለቀሰችም? ትራሷ ይመስክር።

አሻ ስትገባ «የኢክራም እናት» ብላ ጠራችኝ። ሰዉ ሁሉ እንደዚያ ማለት ጀምሯል። ሰው በመጀመሪያ ልጁ ነው የሚጠራው፤ ዕድሜ ልኬን የዘይነብ እናት ነበርኩ። እንዳይከፋኝ ብለው ነው። የሚከፋኝ ግን ይሄው ነው።

ማታ ኢክራም ሳህኑን ገፋችው። «ጎመን ልብላና ልሙት!»

«ያን ቃል እዚህ ቤት እንዳትደግሚው» አልኳት።

ተኮራረፍን። መብራትም ጠፋ። ማራገቢያው ቆመ። በላቡ ላይ ኩርፊያ።

ረቡዕ

ሥራ ቦታ ወደቀች። በታክሲ አመጡልኝ፣ በዚያው ታክሲ ሐኪም ቤት ይዣት ሄድኩ። አሻ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ተከተለችን።

ሐኪሟ የኢክራምን የዓይን ሽፋን ገልጣ አየች፣ ደም አስመረመረች። በጣም አንሷል አለች። ምን እየበላች እንደሆነ ጠየቀች። አሻ ሩዙንም ሥጋውንም ነገረቻት። አትክልትስ? ጥራጥሬስ? አሻ ደረቷን ነፍታ «አስተውናታል!» አለች። በፈረንሳይኛ ቢሆንም ገባኝ፣ የሐኪሟ ፊት ተረጎመልኝ።

ያኔ ሐኪሟ ነርሷን ጠራች። ነርሷ ሶማሌ ናት። እኔ ደግሞ ሶማልኛ ከልጅነቴ ነው የማውቀው! ባለፈውም እዚያው በሩ ላይ ቆማ ነበር። ማንም ምን ቋንቋ ትችያለሽ ብሎ አልጠየቀኝ፣ እኔም አፍ አውጥቼ አልጠየቅሁ።

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ፊብር ማለት የአትክልትና የጥራጥሬ አሰር ነው፣ ሆድ የሚያለሰልሰው። ሐኪሟ ያለችው ጨምሩላት ነበር። ጨምሩላት! አትክልትና ፍራፍሬ የሚያዘወትሩ ሴቶች ላይ እጢው ያንሳል ይባላል፣ ቀይ ሥጋ የሚያበዙት ላይ ይበዛል ይባላል፤ በእርግጠኝነት ግን አልታወቀም። አንዴ የበቀለውን ምግብ አያቀልጠውም። ለደሙ መድኃኒት፣ ለደም ማነሱ የብረት ክኒን ታዘዘላት። ክኒኑን በሻይ እንዳትውጥ። እጢው ደግሞ እንደገና ይታያል፣ ካስፈለገ በቀዶ ጥገና ይወጣል።

«ይገድላል?» አልኳት። ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም።

«ደሙን ዝም ካላችሁት ያስፈራል» አለች። «ከተከታተላችሁት ብዙ ሴት ይዛው ትኖራለች።»

ውጭ ስንወጣ አሻ «ታዲያ ፊብርና ፊብሮም ወንድማማች አይመስሉም?» አለች።

«አሻ፣ ዝም በይ።»

«ጥፋቱ የፈረንሳዮቹ ነው!»

ኢክራም ትከሻዬን ተደግፋ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በአሻ ተናድጃለሁ። ከአሻ ይልቅ በራሴ።

ዓርብ

ምስር ሠራሁ። ከድሬ በመኪና የመጣ ጎመን ገበያ ላይ ሳይጠወልግ አገኘሁ፣ እሱንም ሠራሁ።

በሩ ተንኳኳ። «የዘይነብ እናት፣ ክፈቺልኝ!» አሻ ናት፣ ሌላ እስር ጎመን ይዛ። ስሙ አምልጧት ነው። እንደከፈትኩላት አፏን በእጇ ያዘች።

«ግቢ» አልኳት። «እንደዚያው ጥሪኝ።»

ደሙ ቀነስ ብሏል፣ አልቆመም። እጢው እዚያው ነው። ክኒኑ ያቅለሸልሻታል። እኔም ልብሷን ከማጠቢያው አንስቼ ማየቴን አልተውኩም።

ኢክራም ከጓዳ ጮኸች። «እማዬ! ምስሩ ጨው የለውም!»

አሻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጨውም ሳይከለከል አይቀርም» አለች።

ማማሰያውን አነሳሁባት።