በአርባ ሦስት ዓመታቸው ተለማማጅ የሆኑት የወይዘሮ ወሰንየለሽ አወቀ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ወሰንየለሽ አወቀ ከአባታቸው ከአቶ አወቀ ገብረ ሥላሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጠጄ ወልደየስ በመንዝ፣ በቀየት አካባቢ ጥቅምት 12 ቀን 1958 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ቀየት ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። በሒሳብ ከክፍላቸው አንደኛ ነበሩ። በመዝሙር ግን መምህራቸው “አንቺ ከንፈርሽን ብቻ አንቀሳቅሺ” ይሏቸው እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር።

በጥር ወር 1976 ዓ.ም. ከአቶ መኳንንት ዮፍታሄ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋብተው ኑሯቸውን ሞላሌ ከተማ ዳር አደረጉ። ገብስና ባቄላ እየዘሩ፣ በግ እያረቡ፣ በገበያ ቀን ሞላሌ እየወጡ ልጆቻቸውን የምሥራችን እና መርስዔ ኃዘንን አሳደጉ።

በሰኔ ወር 2000 ዓ.ም. አቶ መኳንንት ከበቅሎ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ማረስ አልቻሉም። መሬቱ ለእኩል አራሽ ተሰጠ፤ የሚደርሳቸው ምርት ግን ቤተሰቡን የሚያከርም አልሆነም። ደብረ ብርሃን ያሉ ዘመዶች “ቤቱን ዝጉና ኑ፤ የቀን ሥራ አይጠፋም” ብለው ላኩባቸው። አቶ መኳንንትም ለመሄድ ወሰኑ። ወይዘሮ ወሰንየለሽ ግን ቀዬአቸውን መልቀቅ አልፈለጉም። ሞላሌ የሚገኘው የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን አራት ተለማማጆችን ለስድስት ወር እንደሚያሠለጥን፣ ከአራቱም አንዱን በቋሚነት እንደሚቀጥር ሰምተው ነበርና “ስድስት ወር ብቻ ታገሠኝ። ካልተቀጠርኩ ጭነቱን ራሴ እጭናለሁ” አሏቸው።

በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ሥልጠናውን ሲጀምሩ ሌሎቹ ሦስቱ ገና ሃያ ዓመት በቅጡ ያልሞላቸው ጎረምሶች ነበሩ። የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ አትናቴዎስ ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 መመዝገብን አስተማሯቸው። ጆንያ መሬት ሳይነካ በእንጨት ረብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አንድ ክንድ አርቆ መደርደርን፣ ዝናብ መንገዱን ሳይዘጋው ስንት መኪና ጭነት እንደሚያስፈልግ ቀድሞ አስልቶ ማዘዝንም ተማሩ። ከሁሉም በላይ አቶ አትናቴዎስ ደጋግመው የሚያሳስቡት ቀድሞ የገባው ዕቃ ቀድሞ እንዲወጣ ነበር።

ወይዘሮ ወሰንየለሽ የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በመጋቢት ወር ከቀየት በኩል አህያ እየነዱ ማዳበሪያ ሊወስዱ ለመጡ ገበሬዎች የአምናውን ትተው አዲስ የገባውን አወጡላቸው። የአምናው ሠላሳ አንድ ጆንያ ከኋላ ቀርቶ፣ በበልጉ ዝናብ እርጥበት ገብቶት እንደ ድንጋይ ጠጠረ። አቶ አትናቴዎስ ሲደርሱበት እጅግ ተቆጡ።

“ምን አስበሽ ነው?”

“ጋሼ፣ ስንት አገር አቋርጦ ለመጣ እንግዳ የከረመውን ልስጠው? እንዴት ብዬ ዓይኑን አየዋለሁ?”

“እዚህ እንግዳ የለም፤ ተራ ነው ያለው! ሁለተኛ ብትደግሚው ሥልጠናሽ እዚያው ላይ ያበቃል።”

በማግሥቱ ወይዘሮ ወሰንየለሽ ከቤታቸው ዘነዘና ይዘው መጡና የጠጠረውን ማዳበሪያ በየጆንያው ይወቅጡ ጀመር። ከጎረምሶቹ አንዱ ማሙሽ “እማማ፣ የማን ሠርግ ነው? የድግስ ቅመም ነው እንዴ የሚወቀጠው?” አላቸው። “ያንተ ነው ማሙሽ፤ ሙሽራዋ እስክትገኝ ልደርስልህ ብዬ ነው” አሉት። መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ። ማሙሽም አፍሮ ሌላ ዘነዘና ፍለጋ ወጣ። ሠላሳ አንዱም ጆንያ በአራት ቀን ተፈጭቶ ለገበሬ ተሰጠ።

ሲወቅጡ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ። መጋዘኑ የሚከፈተው በአንድ በር ብቻ ስለነበረ አዲስ ጭነት ሁልጊዜ ከፊት ይቆለላል፤ የቆየው ከኋላ ይታፈናል። በስተኋላ ሕንፃው ሲሠራ የተበጀ፣ በጣውላ የተመታና ጆንያ የተደገፈበት ሌላ በር ነበረ። ይህ በር ቢከፈት ጭነት በአንዱ ገብቶ በሌላው ሊወጣ እንደሚችል ለአቶ አትናቴዎስ ነገሯቸው።

“ሁለት በር ሁለት ጠባቂ ይፈልጋል” አሉ አቶ አትናቴዎስ።

“አንዱ ሲከፈት ሌላው ይቆለፋ፣ ጋሼ። ቁልፉም እርስዎ ኪስ ይደር።”

 በስምንተኛው ቀን ጠዋት ግን አቶ አትናቴዎስ ኮታቸውን አውልቀው፣ ራሳቸው በዲጂኖ ጣውላውን ሲነቅሉ ተገኙ። አራቱ ተለማማጆችም ጆንያውን ሁሉ በገባበት ተራ እንደገና ደረደሩት።

በሰኔ ወር የመጨረሻው ፈተና ደረሰ። ፈታኙ ሁሉንም በተራ እየጠሩ ከመጋዘኑ ውስጥ ቀድሞ የገባውን የዩሪያ ጆንያ እንዲያሳዩ ጠየቋቸው። ጎረምሶቹ በፊት በር ገብተው ክምር ላይ እየወጡ ፈለጉ። ወይዘሮ ወሰንየለሽ ግን ዞረው በኋላው በር ገቡና የመጀመሪያው ጆንያ ላይ እጃቸውን አሳርፈው “ይኸው” አሉ። የዕቃው መመዝገቢያ ካርድ ሲታይ ትክክል ሆኖ ተገኘ። በጽሑፉም ፈተና ከአራቱ አንደኛ ወጥተው ቋሚውን ሥራ አገኙ።

ያን ዕለት አቶ መኳንንት ቁርጡን ሳያውቁ ዕቃውን አስረው፣ ድስቱን ሳይቀር በገመድ ጠፍረው ይጠብቋቸው ነበር። ወይዘሮ ወሰንየለሽ ከበር ሆነው “መኳንንት፣ ፍታው! ራቴን በምን ልሠራ ነው?” አሏቸው። አቶ መኳንንት ገመዱን ለመፍታት የፈጀባቸው ጊዜ ለማሰር ከፈጀባቸው እንደሚበልጥ እስከ ዛሬ ይናገራሉ።

ከሐምሌ 2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሥራ ስድስት ዓመታት ያህል በመጋዘኑ አገልግለዋል። አቶ አትናቴዎስ በጡረታ ሲሰናበቱ በኃላፊነት ተተክተው ሃያ ሦስት ተለማማጆችን አሠልጥነዋል። ማሙሽ ዛሬ በመሐል ሜዳ የመጋዘን ኃላፊ ነው። በሠርጉም ቀን ቅመሙን የወቀጡለት እሳቸው ናቸው። ሥራው በባሕርያቸው ገብቶ ነበርና አቶ መኳንንት “ካልሲዬን እንኳ በተገዛበት ቀን ተራ ነው የምታስለብሰኝ” እያሉ ጎረቤት ያስቁ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የልብ ሕመም አጋጥሟቸው በደብረ ብርሃን ሕክምና ሲደረግላቸው ቆይተዋል። ልጆቻቸው ለሐኪም እንዲቀርቡ እዚያው ቤት ሊከራዩላቸው ቢለምኗቸውም “መድኃኒቱን ስጡኝና ቤቴ አድርሱኝ” ብለው ተመለሱ። ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በስድሳ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ሳሉ፣ በቤታቸው ዐረፉ። የቀብራቸው ሥርዓት ዛሬ ጥር 10 ቀን፣ ከደጃፋቸው የሩብ ሰዓት መንገድ በሆነው በደብራቸው በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ልጆቻቸውም የልጅ ልጆቻቸውም ዛሬ የሚኖሩት በሞላሌ ነው።

ከቤታቸው ላለመውጣት ያን ያህል የደከሙትን እናታችንን ቸሩ አምላክ ማንም በማያስለቅቃቸው በእርሱ ቤት ይቀበላቸው። ለአባታችን ለአቶ መኳንንት፣ ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።