ቫዝሊን ቀብቼ ያነሳሁት ክንድ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት ጉም፣ ረፋዱ ላይ ፀሐይ። ክፍሉ ውስጥ ሲስተር ሐያት፣ እትዬ ዘይነባና እኔ ነበርን።

እትዬ ዘይነባ ከከላላ መካነ ሰላም ድረስ ተመልሰው መጡ። ባለፈው ወር ክንዳቸው ላይ ያለውን ነጣ ያለ ምልክት በጤና ጣቢያው ስልክ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ስልኩ ላይ ያለው ፕሮግራም የቆዳ ፎቶ አይቶ በሽታውን ይገምታል። "ጭርት" አለ፤ ቅባት ይዘው ሄዱ። ዛሬ ትንሿ ጣታቸው ተቃጥላለች።

"ድስት ሳወርድ ነው። ወላሂ አልተሰማኝም።"

ሲስተር ዓይናቸውን አስጨፍና በጥጥ ነካካቻቸው። ምልክቱም ላይ፣ ጣታቸውም ላይ ምንም አልተሰማቸውም። ሥጋ ደዌ ነው። መድኃኒት አለው፤ የጣታቸው ነገር ግን አይታወቅም።

"ማሽኑ እንዴት ሳተው?" አለች ሲስተር። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ማክሰኞ፣ 9። ብርድ።

እንዴት እንደሳተ አውቃለሁ። ያን ቀን እትዬ ዘይነባ "አመዳም አድርገሽ እንዳታነሺኝ፣ አዲስ አበባ ይሄዳል አሉ!" ብለው አሳቁኝ። ቫዝሊኔን አውጥቼ ቀባኋቸው። ቆዳቸው ወዛ፤ የምልክቱ ንጣት ብልጭታው ውስጥ ጠፋ።

እሳቸውን ብቻ አይደለም። ሰውን አመዳም አድርጎ ማንሳት ነውር መስሎኝ ብዙዎችን ቀብቻለሁ። ሥልጠናው ላይ "ምንም ሳይቀባ" ተብሏል። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

ማንበብ የለመድኩት ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ነው። ከጽዳት አንስታ ይህን ሥራ የሰጠችኝ ሲስተር ናት። ወደ መጥረጊያው መመለሱን አልፈራም። "ካልተማረች ሴት ምን ይጠበቃል" መባሉን ነው የፈራሁት።

ሐሙስ፣ 11።

ፎቶዎቹ ነገ ይላካሉ። ፕሮግራሙ ከእነሱ ይማራል አሉ። የእኔን ጥፋት ሊማር ነው።

እትዬ ዘይነባ መድኃኒት ጀምረው ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ነው። ዓይኔን ስሰብር አይተው፣ "ምነው፣ ፈራሽኝ እንዴ? አብሽሪ፣ አልሞትኩም" አሉ። እሳቸው እኔን ያጽናኑ! መግቢያ አጣሁ።

አርብ፣ 12።

በሩ ሳይከፈት ደረስኩ። ሲስተር ነጠላዋን ሳታወልቅ ነገርኳት። አልተቆጣችም። "ስንቱን?" አለች ብቻ። አብረን ተቀምጠን ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየን፤ የሚያብረቀርቁትን ለይተን አወጣን። ሰዎቹን መልሰን ልንጠራቸው ነው።

ከዚያ ለእትዬ ዘይነባ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። 

"እኔ እኮ ቀልዴን ነበር" አሉ። ዘጉት።

ፊቴን ታጥቤ ወጣሁና ከወረፋው የመጀመሪያዋን ሴት አስገባሁ። ክንዷን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩ። እስኪደርቅ ጠብቄ አነሳሁ።