ለውዝ የተጠቀለለበት የሠርግ ካርድ

ለታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ደረጃ ስትወጣ የሚንቋቋው ጉልበትህ ተሻለው ወይስ አሁንም ካንተ ቀድሞ "መጣሁ" ይላል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ፣ አክስታችንስ እንዴት ከረሙ? እኔም ልጄም በአካል ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን። ልቤን ግን ደህና ነው ብዬ አልዋሽህም። ፊደሉ ተጣሞ ብታገኘው አትፍረድብኝ። ከመጠቅለያ ወረቀት ለቅሞ የተማረ ሰው ጽሑፍ ድሮም ቀጥ አይልም።

ልጄ ልታገባ መሆኗን ባለፈው ነግሬሃለሁ። እጮኛዋ መስታወት ቆራጭ ነው፤ ጣቱ ፋሻ አያጣም፣ ካፉ ግን ክፉ ቃል አይወጣም። እናቱ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ድምፃቸው ሦስተኛ ቤት ድረስ ይሰማል። እሳቸው ፊት ስቀመጥ እጄን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል። ሠርጉን እንዳቅማችን ልናደርገው ተስማምተን ስንጨርስ የቀረን የጥሪ ካርዱ ነበር።

ካርድ እንዲህ ያስቸግራል ብሎ ማን ያስባል። መጀመሪያ ትልቁ መንገድ ላይ ካለው ማተሚያ ቤት ገባን። ሻጯ ወርቃማ ጠርዝ ያለው፣ ሲከፍቱት አበባ ብድግ የሚልበት ካርድ አሳየችን። ዋጋውን ስትነግረን ልጄ ካርዱን እንደ ትኩስ ድስት ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። "አስበንበት እንመለሳለን" ብለን ወጣን፤ እንደማንመለስ ሻጯም ታውቃለች። ከዚያ ቤት ውስጥ እንሥራው አልን። ልጄ ወረቀት ቆርጣ፣ ጽጌረዳ ስላ አሳየችኝ። "ጎመኑ ያምራል" አልኳት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ሳያት ለዚች ልጅማ የታተመ ካርድ ይገባታል አልኩ በልቤ።

ከምሠራበት የልብስ መተኮሻ ቤት ጀርባ አንድ አታሚ አለ። ሰፈሩ "ነገ ነይ" ይለዋል፤ ምን ብትጠይቀው መልሱ እሱ ነው። ማሽኗ ስትሠራ ሳል እንደያዛት አሮጊት ናት፤ ዋጋው ግን ለእኛ የሚሆን ነበር። የመጀመሪያው ሕትመት ቀለሙ ተደርቦ ወጣ፤ ስሙ ሁሉ ጥላ ያለው ይመስላል። "አይዞሽ እህቴ፣ በራሴ ኪሳራ ደግሜ አትምልሻለሁ፣ ነገ ነይ" አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ሄድኩ። የተበላሸው ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ በሐሳቤም አልመጣም።

ሁለተኛውን ሕትመት ተቀብዬ ወደ ቤት ስመለስ፣ ከባድ መኪናዎች ከሚቆሙበት ሜዳ ጥግ ከምትቀመጠው ሴት ለልጄ ለውዝ ገዛሁ። ሌላው ሰው በልቶ ወረቀቱን ይጥላል፤ የእኔ ልማድ አንብቤ መጣል ነው። ጠጋ አድርጌ ባየው የልጄ ስም ነው። ቀጥሎ የአባቷ ስም። ከሥሩ አዳራሹና ቀኑ። ቀለሙ ቢደረብም ጥርት ብሎ ይነበባል። እዚያው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፤ ግንባርህ ላይ ያለው ጠባሳ ያውቃል። የልጄ አባት እኔን ሊመታ ሲመጣ መሃል በገባህበት ቀን "መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣችሁ እንኳ ቆፍሬ አወጣችኋለሁ" ያለውን እስከ ዛሬ በየመኪናው ጡሩምባ ውስጥ እሰማዋለሁ። ከባድ መኪና እየነዳ የማይረግጠው ከተማ የለም። እኛ ሰፈር ቀየርን፣ ሥራ ቀየርን፣ ከሰው ራቅን። ልጄ ግን የትም ብትሄድ ስሙን ከስሟ አስከትላ ነው የምትሄደው። ካርዱን እሱ ራሱ ማየት እንኳ አያስፈልገውም። የሚያውቀው አንድ ሾፌር አንብቦ "ልጅህን ልትድር ነው አሉ፣ እንኳን ደስ ያለህ" ካለው አለቀ። የስኳር መጠቅለያ ይዤ ፊደል ስቆጥር ሲያየኝ "የቆሻሻ አንባቢ" ይለኝ ነበር፤ ትዝ ይልሃል? አሁን ያ ቆሻሻ ወደ እሱ እየሄደ ይሆናል።

ሴትዮዋን ወረቀቱን ከየት አመጣሽው አልኳት። "ነገ ነይ ነዋ፣ በኪሎ ይሸጥልኛል። ወፍራም ስለሆነ ሲጠቀለል ያምራል" አለች። ለማን ለማን ሸጥሽ ብላት ሳቀችብኝ። "አይ አንቺ፣ የለውዝ ደንበኛ በስም ይያዛል እንዴ? ሾፌሮች ናቸው፤ መንገድ ላይ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ይቆረጥማሉ" አለችኝ። የቀራትን ወረቀት ሁሉ ገዛኋት። የሄደውን ግን ማን ይመልሰዋል፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ።

ልጄን ልደብቃት አስቤ ነበር፤ ፊቴ አሳበቀብኝ። ስነግራት "እማ፣ ስሙን ተሸክሜው ኖሬአለሁ። ሠርጌን ግን አልሰጠውም" አለችኝ። ድምጿ ቀጥ ያለ ነበር። ጥፍሯን ግን ትነክስ ነበር፤ ትንሽ ልጅ ሳለች የተወችው ልማድ ነው።

በማግስቱ ወደ አዋላጇ ሄድኩ። ጣጣ የሚከተላት ምራት አልፈልግም ይሉኛል ብዬ ደጃቸው ከደረስኩ በኋላ ተመልሼ፣ እንደገና ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩና "አንቺ ዝምተኛ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ብቻሽን ነው ያረገዝሽው?" አሉኝ። ከዚያ ምጥ የደረሰባት ሴት ፊት እንደቆሙ ሁሉ ማዘዝ ጀመሩ። አዳራሹ ይቅር፤ ሠርጉ በሌላ ቀን፣ በሌላ ቤት ይሁን አሉ። የታተመው ካርድ የፈለገበት ይዙር፣ ሰውዬው ቢመጣም የሚያገኘው የተዘጋ በር ነው አሉ። ልጃቸው "የአዳራሹ ቀብድስ?" ቢላቸው "ቀብዱ ይቀበር" አሉት።

አሁን የታተሙትን ካርዶች ቁጭ ብለን እየቆረጥን ነው። የተጻፈበትን ግማሽ እናቃጥላለን፣ ባዶውን ግማሽ እናስቀራለን። መስታወት ቆራጩ "ይሄማ ሙያዬ ነው" እያለ ጠርዙን ያስተካክላል፣ እኔ በእጄ እጽፋለሁ። የሁለቱን ስም ብቻ። የአባት ስም የለም፣ ቀን የለም፣ ቤት የለም፤ "በደስታችን ቀን ከጎናችን ሁኑ" ይላል፣ በቃ። ቀኑንና ቤቱን አዋላጇ ካርዱን ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ በጆሮ ይናገራሉ። እሳቸው ሲያንሾካሹኩም ጎረቤት ስለሚሰማ እሱም ሌላ ስጋት ሆኖብኛል። ልጄ አንዱን አንስታ አየችና "ጎመን የለውም እንጂ ከታተመው ይበልጣል" አለችኝ።

ቢሆንም ጋሼ፣ አልተረጋጋሁም። ልብስ እየተኮስኩ ከባድ መኪና ሲቆም ከሰማሁ እጄ ካውያው ላይ ይደርቃል፤ ትናንት የሰው ሸሚዝ አቃጠልኩ። መንገድ ላይ ሾፌር ባየሁ ቁጥር ፊቱን ሳይሆን እጁን ነው የማየው፤ ምን እንደያዘ።

ስለዚህ እባክህ ና። ልጄን ከቤት ይዞ የሚወጣ የአባት እጅ ያንተ ነው፤ ሌላ የላትም። የት ልትሄድ ነው ለሚልህ ጥርሴን ልታከም በል። ያ ሰው አሁንም እየመጣ የት እንዳለን ይጠይቅሃል? በቅርቡ መጥቶ ከሆነ፣ ምን እንዳለና ፊቱ እንዴት እንደነበረ ይህን ደብዳቤ ለሚሰጥህ ሰው ንገረው። የአዋላጇ ታናሽ ወንድም ነው፤ እንደ እሳቸው አይደለም፣ እንደ እኔ ዝምተኛ ነው። ቀኑንና ቤቱን በቃሉ ይነግርሃል።

ለባለቤትህ ለእትዬ ሰላም በልልኝ፤ ስሸሽ ትከሻዬ ላይ ጣል ያደረገችልኝ ሻርፕ እስከ ዛሬ አለ፣ ለሠርጉ እሱን ነው የምለብሰው። ራዲዮ መፍታት እንጂ መግጠም ለማይሆንለት ለትልቁ ልጅህ፣ "ለምን" ማለት ለማይሰለቻት ለትንሿም ሰላምታዬን አድርስልኝ። አክስታችንን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ስለ ሠርጉ ግን ለጊዜው ምንም አትበላት፣ ደስታ መደበቅ አትችልም።

ይህን አንብበህ ስትጨርስ አቃጥለው። አደራህን፣ ለባለሱቅ እንዳይደርስ፤ ደብዳቤም ወረቀት ነው።

ታናሽ እህትህ

ቦታና ቀን፦ መልእክተኛው ይነግርሃል።