ኩፍኝን በስሙ መጥራት ለከለከሉን ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የትምህርት ቤቶች ጤና ዜናና ግብዓት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት ቢሮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ባልደረቦችዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። መቼም ጤና በየሳምንቱ ተዘጋጅቶ፣ በቀለም ታትሞና ማኅተም አርፎበት ከሚወጣበት ቤት ጤና ይታጣል ብዬ አልሰጋም። እኛም ብርዱ ቢበረታ፣ ገብሱም ቢዘገይ፣ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን፤ ማለቴ፣ አብዛኞቻችን ደኅና ነን።

እኔ እፀገነት ኃይለ ኢየሱስ እባላለሁ። ከቀየት ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነርስ ነኝ። ክፍሌ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫም ስለሆነ፣ የታመመ ልጅ ሲመጣ ኳሶቹን ከአልጋው ላይ አንሥቼ ነው የማስተኛው። ከሥራዎ ብዛት የተነሣ ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ እኔ ግን በየሳምንቱ በስልኬ ስለሚጎበኙኝ እንደ ቅርብ ዘመድ ነው የማይዎት። ስለዚህ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ በቴሌግራም ስለሚልኩልን የጤና ዜና እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ባለፈው ዓመት ተማሪዎቻችንን ከኃይለኛ ሙቀት እንድንጠብቅ፣ በዕረፍት ሰዓትም ጥላ ሥር እንድናስቀምጣቸው አስጠንቅቀውን ነበር። የእኛ ተማሪዎች በዕረፍት ሰዓት ፀሐይ የሚያርፍበትን ግድግዳ ለመያዝ የሚጋፉ ናቸውና ምክሩን በሥራ ላይ ለማዋል ተቸግረን ከረምን። ቀጥሎ ስለ ወባ ትንኝ ላኩልን። ትንኟ ይህን ቁር ችላ እኛ ጋ ከደረሰች፣ እንግዳ ናትና የበግ ጠጉር ባና አልብሰን እንደምንቀበላት ቃል እገባለሁ። ይህን በትሕትና ላሳውቅዎት ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ገጽ ላይ መጻፍ የተፈቀደው ለእርስዎ ክፍል ሠራተኞች ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

ሁለተኛ፣ ግብዓት ተብሎ ስለ ደረሰን ካርቶን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ፋሻ፣ የትኩሳት መድኃኒት፣ የዓይን ቅባት ይሆናል ብዬ ስከፍተው ሙሉውን ፖስተር ነበር። ፖስተሩ ላይ አንዲት ደስተኛ ልጅ ከቧንቧ በሚወርድ ውኃ እጇን ትታጠባለች። ትምህርት ቤታችን ቧንቧ ስለሌለው ልጆቹ ሥዕሉን ከበው ቧንቧውን በአድናቆት አዩት።

ሦስተኛውንም በዚሁ መልክ ልጽፈው ጀምሬ ነበር። ሆኖም ይህኛው በቁጥር የሚነገር አልሆነልኝምና እንደ ሆነው አድርጌ ልንገርዎት።

ሲና የምትባል የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አለችን። እናቷ ጥሩሸዋ ገብስ እያረሰችና በግ እያረባች ለብቻዋ ነው የምታሳድጋት። ሲና ጮክ ብላ፣ ሳትደናቀፍ በማንበብ የታወቀች ስለሆነች እንግዳ ወደ ክፍሉ ሲገባ መምህሯ የሚያስነሣው እሷን ነው። ታኅሣሥ ላይ አንድ ጠዋት መምህሯ እጇን ይዞ ወደ እኔ አመጣት። ሰውነቷ እንደ እሳት ይፋጃል፤ ደረቅ ሳል ይዟታል፤ ዓይኖቿ ቀልተው ያነባሉ፤ ብርሃኑን ስለ ጠላችው ፊቷን በፎጣዋ ሸፍናለች። በማግስቱ ቤቷ ሄጄ ሳያት ሽፍታው ከጆሮዋ ኋላ ተነሥቶ ፊቷን ሞልቶት ነበር።

«ሲስተር፣ ኩፍኝ ነው አይደል?» አለችኝ ጥሩሸዋ።

«ይመስለኛል» አልኳት።

ከዚያው ክፍል ሌሎች ልጆችም መቅረት ጀምረው ነበር። በአቅራቢያችን ባለው ጤና ኬላ፣ ኩፍኝ የያዘውን ልጅ ዓይን የሚጠብቀው የቫይታሚን ኤ እንክብል አልቋል፤ አዲስ የሚመጣውም ሆነ ክትባት ሰጪዎቹ የሚንቀሳቀሱት የእርስዎ ክፍል ሲያሳውቅ ነው ተባልኩ። ስለዚህ ደወልኩልዎት። እርስዎ ራስዎ ስልኩን ማንሣትዎን እስከ ዛሬ እንደ ክብር እቆጥረዋለሁ።

«ሲስተር፣ ኩፍኝ አይበሉ» አሉኝ በዚያ ለስላሳ ድምፅዎ።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ሽፍታ ያለበት ትኩሳት ይበሉ። ናሙና ተመርምሮ ዜናው በእኛ በኩል ሲወጣ ያኔ በስሙ ይጠሩታል።»

«እንክብሉስ? ልጅቷ ዓይኗን እያመማት ነው።»

«ግብዓት የሚወጣው ከዜናው በኋላ ነው። እስከዚያው ሕዝቡን እንዳያሸብሩት።»

ክቡር ሆይ፣ እንዳይሸበር ያዘኑለት ሕዝብ በዚያን ሰዓት ምን እያደረገ እንደ ነበር ልንገርዎት። ጥሩሸዋ መስኮቱን በጆንያ ጋርዳ፣ ውኃ አፍልታና አቀዝቅዛ፣ በንጹሕ ጨርቅ የልጇን ዓይን ታብስ ነበር።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ የደብራችን ዓመታዊ ንግሥ ነበር። ከየጎጡ ሰው ልጁን አዝሎና እጁን ይዞ የሚመጣበት፣ ትከሻ ለትከሻ የሚቆምበት ቀን ነው። ቃሉን እንዳልጠራ ታዝዣለሁ፤ ዝም ብዬ ልጆቹ ሲቀላቀሉ ማየትም አልሆነልኝም። የደብሩ አስተዳዳሪ ወደ ሆኑት ወደ ቄስ አትናቴዎስ ሄጄ ነገሩን አስረዳኋቸው።

«በሽታው ስም የለውም እንዴ?» አሉኝ።

«ስም አለው አባቴ። እንዳልጠራው ነው የታዘዝኩት።»

«እኔን ግን ማንም አላዘዘኝ» አሉና ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው ተናገሩ። «ኩፍኝ ገብቷል። ልጆቻችሁን ለንግሡ ይዛችሁ እንዳትመጡ። በረከቱ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል። የታመመ ልጅ ያለው ሳይደብቅ ለሲስተር ይንገር።»

ሕዝቡ ተሸበረ ብዬ ልጽፍልዎ ብችል ደስ ባለኝ፤ ግን አልተሸበረም። እናቶች ልጆቻቸውን ቤት አስቀሩ፤ የታመመባቸውም መጥተው ነገሩኝ። እኔም ከቤት ቤት እየዞርኩ ባለኝ ነገር ረዳሁ። የሌለኝ ነገር ግን ያው የሌለኝ ነገር ነበር።

ስለዚህ በሚኒባስ ተሳፍሬ ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። ጸሐፊዎ በትሕትና ተቀብላ «ክቡርነታቸው ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ። የምን ስብሰባ እንደሆነ ብጠይቃት «ስለ ፈጣን የጤና መረጃ ልውውጥ» አለች። ይህን ስትል ፊቷ አልተለወጠም፤ እኔም የራሴን ፊት ለማስተካከል ብዙ ደከምኩ። በረንዳው ላይ ስጠብቅ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ አዝኖልኝ ቀረበና «እንክብሉስ አለ፤ እዚሁ ከግድግዳው ጀርባ ነው። የጠፋው ፊርማ ነው» አለኝ። ግድግዳውን በእጄ ነካሁት። ቀጭን ነበር፤ ማዶ የሚራመድ ሰው ኮቴ ይሰማል። ቢሮው እስኪዘጋ ጠበቅሁና እርስዎ በሌላ በር መውጣትዎን ሰምቼ ተመለስኩ።

ጥሩሸዋ ቤት ስደርስ የልጇን ፊት ወደ በሩ ብርሃን አዙራ ነው የጠበቀችኝ። «ሲስተር፣ ይኼ ነጭ ነገር ምንድን ነው?» አለችኝ። የግራ ዓይኗን ጥቁር ክፍል እንደ ጉም ያለ ነገር ጋርዶታል። ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ «አሁኑኑ ደብረ ብርሃን ውሰጃት» አልኳት። ጥሩሸዋ ወዲያው ልጇን በባና ጠቅልላ አዘለችና መኪና መንገድ ድረስ አብረን ወረድን።

ደብረ ብርሃን ያገኘቻቸው የዓይን ሐኪም የቻሉትን ሁሉ አድርገው ቀኝ ዓይኗን አተረፉላት። የግራው ግን ጠባሳ ይዞ ብርሃኑን አጣ። «እንክብሉን ቶሎ ብታገኝ ኖሮ ምናልባት ይተርፍ ነበር» አሏት። ጥሩሸዋ ከሁሉ የያዘችው «ምናልባት» የምትለዋን ቃል ነው። ባገኘችኝ ቁጥር «ሲስተር፣ ምናልባት ማለት ምን ያህል ነው?» ትለኛለች። ክፍልዎ ቃላትን በመተርጎም የታወቀ ነውና መልሱን ቢልኩልኝ አደርስላታለሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ክቡር ሆይ፣ ዜናዎ ወጣ። ክትባት ሰጪዎቹም መጡ። እነዚያ ወጣቶች በዚያ ንፋስ የክትባት ሣጥኑን ተሸክመው ከጎጥ ጎጥ ስለ ዞሩ ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለ አሽሙር የተጻፈው ምስጋና ይህ ብቻ ነው። በሽታውም ቆመ። ዜናዎ እንዲህ ይላል፦ «በአንዳንድ ደጋማ ቀበሌዎች ተከስቶ የነበረው ኩፍኝ በክፍላችን ፈጣን ምላሽ ያለ ምንም ጉዳት በቁጥጥር ሥር ውሏል።» ከሥሩም እርስዎ ነጭ ጋዋን ለብሰው ለአንድ ሕፃን እንክብል ሲሰጡ የሚያሳይ ፎቶ አለ። ጋዋኑ አምሮብዎታል። ለእኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን «ያልተረጋገጠ መረጃ በሃይማኖት ተቋም አማካይነት በማሰራጨት» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ከላኩልን ነገር ሁሉ ሳይዘገይ የመጣ እሱ ብቻ ስለሆነ በክብር ተቀብዬዋለሁ።

ሲና ወደ ትምህርት ተመልሳለች። ሰሌዳውን ለማየት አንገቷን ታዞራለች። መምህሯ ሲያስነሣት ግን አትነሣም፤ ስታነብ ልጆች ዓይኗን እንደሚያዩባት ስላወቀች ተቀምጣ በልቧ ታነባለች። ባለፈው ዓይኗን ላያት ጠርቻት ስትጠብቅ ስልኬ ላይ የእርስዎን ዜና አገኘችው። እስከ መጨረሻው አነበበችና «ሲስተር፣ ያለ ምንም ጉዳት ማለት እኔ አልተቆጠርኩም ማለት ነው?» አለችኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ለዚህ ነው። ማስጠንቀቂያው እንዲነሣልኝ አልለምንም። የምለምነው አንደኛ፣ ያ ዓረፍተ ነገር በወጣበት ገጽ ላይ እንዲታረም ነው። «አንዲት ልጅ አንድ ዓይኗን አጥታለች፤ እንክብሉ እኛ ዘንድ ነበር» ተብሎ ይጻፍ። የልጅቷን ስም ባይጠሩም ግድ የለም፤ ጥፋቱን ብቻ በስሙ ይጥሩት። ሁለተኛ፣ እንክብሉ ከግድግዳ ጀርባ ሳይሆን ልጆቹ ባሉበት በጤና ኬላው ይቀመጥልን። ሦስተኛ፣ ስንጽፍልዎት የሚያነብ ሰው ይመድቡልን። ሙቀቱንና ትንኟን በተመለከተ ግን እንደ ፈቀዱ ይቀጥሉ፤ በብርድ ቀን ስለ ሙቀት ማንበብ ራሱ ትንሽ ያሞቃል።

ለከበረ ጊዜዎ፣ ለማያልቅ ስብሰባዎና ለዚያች ውድ ፊርማዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከማይነበቡ የበታች ሠራተኞችዎ አንዷ መሆኔን በታላቅ ትሕትና አረጋግጣለሁ።

እፀገነት ኃይለ ኢየሱስ
የትምህርት ቤት ነርስ፣ መንዝ

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ለጥሩሸዋ አነበብኩላት። «ልጆች አሏቸው?» ብላ ስለ እርስዎ ጠየቀችኝ። እንደማላውቅ ነገርኳት። «ካሏቸው፣ እግዚአብሔር ዓይናቸውን ይጠብቅላቸው ብለሽ ጻፊልኝ» አለች። እሷ እንደ እኔ አሽሙር አታውቅም፤ የምሯን ነው።