የሽቱ ጧፍ

ሲያትል፣ ነሐሴ ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ዓብዱልጀሊል፣

አሰላሙ ዓለይኩም። «ናፊሳ በስተርጅና ሃይማኖቷን ለወጠች፣ በባዶ እግሯ ቤተ ክርስቲያን ገባች» የሚል ወሬ ደሴ ደርሶ እንዳስኮረፈህ ሰማሁ። ሃይማኖቴን አልለወጥኩም። በባዶ እግሬም አልነበርኩም፤ ካልሲ አድርጌ ነበር። ጧፍ ይዤ መታየቴ ግን እውነት ነው።

እዚህ ኖርዝጌት ግድግዳ የምንጋራውን ጎረቤቴን ሽቱን በስልክ ሰላም ብለሃታል፤ በረመዳን ሾርባ ይዛ በሬን የምታንኳኳው ናት። ልቧ ታሞ ቀዶ ሕክምና ታዞላታል። ልጆቿ ከዚያ በፊት ትዝናና ብለው በመርከብ ወደ አላስካ ሲልኳት፣ እኔና የልጅ ልጄ ሁስና አብረናት ሄድን። እሷ የጓጓችው ለሲትካ ነበር፤ ሩሲያውያን በቅኝ ግዛት ዘመን ያቋቋሙት ከተማ ነው፤ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አለበት።

እዚያ ስንደርስ ዝናቡ ያወርደዋል። ሽቱ ትንፋሽ አጥሯት ከአልጋዋ መነሳት አቃታት።

«ደጁ ድረስ መጥቼ ሳልሳለመው ልመለስ? ናፊሳዬ፣ አንቺ ጧፍ አብሪልኝ።»

«እኔ? በሂጃቤ?»

«ሚካኤል ሂጃብ አይቶ የማያውቅ መሰለሽ?»

የሰጠችኝን ጧፍ ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ሁስና «አያቴ፣ ኖ፣ ኖ! እዚህ ጫማ አይወልቅም!» አለች።

«የአምላክ ቤት በጭቃ ጫማ የሚገባው የት አገር ነው?» አልኳት።

ከኋላዬ የነበሩት ጎብኚዎች ደንቡ መስሏቸው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ሁስና ያኔ ነው እየሳቀች ፎቶ ያነሳችኝ፤ ለዘመድ የላከችውም እሷ ናት። ተቆጥቻታለሁ።

ጧፉን ለኮስኩ። «ያ ረቢ፣ ጧፉ የሽቱ ነው፤ ዱዓው የእኔ ነው፤ እሷን አትንሳኝ» አልኩ። ሌላ ያደረግሁት የለም። አባባ ለጎረቤት ቀብር ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እጁን ይዘህ የምትከተለው አንተ ነበርክ። ኩርፊያህን ከሌላ ሰው አፍ መስማቴ ግን ከፍቶኛል።

ይህን ስጽፍ ሽቱ ግድግዳውን አንኳኳች። መልሼ አንኳኳሁላት።

አላህ ጤናህን ይጠብቅልህ፣ ልጆችህን ለወግ ያብቃልህ። ነገ ጎህ ሲቀድ እሰግዳለሁ። ቀጥዬ የሽቱን ነጠላ አጥፌ ቦርሳዋ ውስጥ እከታለሁ፤ የቀዶ ሕክምናዋ ቀን ሚካኤል በመሆኑ ደስ ብሏታል። ከዚያ ሆስፒታል አደርሳታለሁ። ወደ ውስጥ ይዘዋት ሲገቡ አንተ ጋ እደውላለሁ። ስልኩን አንሳው።

እህትህ ናፊሳ