ወፍጮው ሲያጓራ የሚዘፈን

የሻረግ፣ የልጆቼ እናት፤

እንደምን አለሽ ብዬ ብጠይቅሽ የሚመልስልኝ የለም፤ ስለዚህ የኛን ልንገርሽ። እኛ ደኅና ነን፣ ደኅና የሚባለው አሁን ይህ ከሆነ። ከተለየሽን ሁለተኛው መስቀል አለፈ። ዘንድሮ ደመራው በምሥራቅ በኩል ወደቀ፤ ገሚሱ ጥጋብ ነው አለ፣ ገሚሱ ጦርነት ነው አለ፣ እኔ የትርንጎን እጅ ይዤ ዝም ብዬ ወደ ቤት መጣሁ። አንቺ ብትኖሪ እዚያው ቆመሽ ትከራከሪ ነበር።

የቤቱን ነገር በተራ ልንገርሽ። በተራ ካልተናገርኩ እንደሚጠፋብኝ ታውቂያለሽ። አንደኛ፣ የጓዳው ቆርቆሮ አሁንም ያፈሳል፤ ሚስማር በመታሁበት በኩል ተወና ባልመታሁበት በኩል ጀመረ። ሁለተኛ፣ ላሚቱ ወለደች፤ ወንድ ነው፣ ግንባሩ ላይ ቦቃ አለው። ሦስተኛ፣ ትርንጎ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ፊደሉን ለይታለች። ጋቢሽን ሣጥን ውስጥ አስቀምጬው ነበር፣ እሱን ካልለበስኩ አልተኛም ብላ አስቸገረችኝ፤ ሰጠኋት። አራተኛ፣ ልጅሽ።

አራተኛው እንዲህ ባንድ መስመር አያልቅም። ወረቀት ያስነሣኝም እሱ ነው። አምሳሉን ሲያመው "ልጃችን"፣ ሲያናድደኝ "ልጅሽ" እንደምለው ታውቂያለሽ። ይኸው ዓመቱን ሙሉ ልጅሽ ነው።

የማኅበሩ ወፍጮ ቤት አሁንም ሞተሩን የማስነሣው እኔ ነኝ። አምሳሉ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ነጥቡ አልመጣለትም፤ ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ከሚያይ ብዬ እኔ ዘንድ እየመጣ ከረጢት እንዲያነሣ አደረግኩት። ጥሩ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር። ከሳምንት በኋላ ጓደኛውን ደርሶን አስከትሎ መጣ። ደርሶ የዚያ የአናጢው ልጅ ነው፣ ጥርሱ ፍንጭት የሆነው፤ ጎመን ስትለቅሚ ጓሮ ገብቶ አስደንግጦሽ ያውቃል። ከሞተሩ ጀርባ ባዶ የናፍጣ በርሜል የምናስቀምጥባት ጠባብ ቦታ አለች። እዚያ ገቡ። አምሳሉ ከዘይት ቆርቆሮና ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ አንድ ነገር ሠርቷል፤ ክራር ነው ይለኛል። ድምፁ ጅራቷን የረገጧት ድመት ነው። ደርሶ ደግሞ በርሜሉን በመዶሻ እጀታ ይደበድባል። ሁለቱም አይዘፍኑም፣ ይጮሃሉ።

የሚጮሁት ሞተሩ ሲነሣ ብቻ ነው። ሞተሩ ቆመ፣ እነሱም ቆሙ። ውጭ የቆመ ሰው ከማጓራቱ በስተቀር ምንም አይሰማም። ወረፋ ይዘው ከውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ግን ይሰማሉ። ስለምን ይጮሃሉ ብትይኝ፣ ስለ ቀበሌ ሱቅ ስኳር፣ ስለ ስብሰባ፣ ስለሚመጣው መዋጮ፣ ስለኔም ጭምር። አባቱ ናፍጣ ጠጥቶ ቁጥር ያገሳል የምትል አለቻቸው። ሴቶቹ ዱቄት የነካውን ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ይስቃሉ። እቴቴ ዘውዴን አስታወስሻት? ከታች በአህያ የምትመጣዋ ናት። እሷ እንኳ እህሏ ካለቀ በኋላ ትቀመጣለች። ምነው ብላት፣ አህያዋ ትረፍ አለችኝ። አህያዋ ውጭ ቆማ ስታንቀላፋ ነው የዋለችው።

መጀመሪያ ልከለክላቸው ነበር። ያስቆመኝ ዜማው ነው። አንድ ቀን ጆሮዬን ሰጥቼ ብሰማው ያንቺ ነው፣ የሻረግ። ያ ሞተር ሳይመጣ በፊት በድንጋይ ስትፈጪ የምታንጎራጉሪው። ልጅሽ ጀርባሽ ላይ ታዝሎ ሰምቶት ኖሮ ከዚያ ነው ያመጣው። እኔ ገና ሳልነሣ የምትያትን አንዷን እስከዛሬ አልረሳኋትም፦

እሱ ያንኮራፋል እኔ እፈጫለሁ፣
የማን ድምፅ ይበልጣል እስቲ እሰማለሁ።

ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ስቄ ወደ ጓዳ ስገባ ዝም አልሽ። ድገሚልኝ ብዬ ለመንኩሽ፣ የድንጋዩ ነው አልሽኝ። ሠርግ ላይ በይው ብለው ለመኑሽ፣ እምቢ። እናትሽ ለመኑሽ፣ እምቢ። እንዲህ ያለ ድምፅ ይዘሽ ለድንጋይ! ያኔም አናደድሽኝ፣ አሁንም ሳስበው እናደዳለሁ። ይኸው ግትርነትሽን አውርሰሽው ሄድሽ።

አሁን ወደተፈጠረው ነገር ልምጣ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል በአንድ የገበያ ቀን ወፍጮ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። የወረዳው ኪነት ኃላፊ፣ ያ ካኪ ለባሹ ሰውዬ፣ የቤቱን ጤፍ አስይዞ መጥቶ በር ላይ ቆሟል። እነአምሳሉ ከጀርባ ይጮሃሉ። በመሐል ቺንጋው፣ ያ ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያያይዘው ቀበቶ፣ ወለቀ። እኔ ምን አስቤ፣ ቺንጋ ሲወልቅ ሞተር ይጠፋል፣ እጄ የለመደው ነው፤ አጠፋሁት። እነሱ ግን ዐይናቸውን ጨፍነው ጀምረውታል፣ አላቆሙም። በዚያ ፀጥታ ውስጥ እንዲህ ብሎ ወጣ፦

ወፍጮው ያጓራል እህል ሳይገባበት፣
ስብሰባው ሞላ ሰው ሳይገኝበት።

የዚህን አገር ነፋስ ታውቂዋለሽ፤ አንዲት ቃል ሳይጥል ይዞ መንገድ አወጣው። ሴቶቹ ድርቅ አሉ። እቴቴ ዘውዴ ከረጢቷን መሬት ላይ ጥላ ዱቄቴ ፈሰሰ ብላ እሪ አለች፤ ምንም አልፈሰሰም፣ ከረጢቷ ገና አልተፈታም። ካኪ ለባሹ ወደ ውስጥ ገብቶ ሁለቱን ልጆች ከላይ እስከ ታች አያቸው። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ ድምፃችሁ ጥሩ ነው አለ። ለአብዮቱ በዓል አዳራሽ ውስጥ ትዘፍናላችሁ፣ ግጥሙን እኔ አስተካክለዋለሁ አለ። ወደኔ ዞሮም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ስም ሊለቀም ነው፣ ኪነት ውስጥ ያለ ልጅ ለጊዜው አይነካም አለኝ። ጤፉን አስፈጭቶ ሄደ።

ነገሩ ይህ ነው እንግዲህ፣ የሻረግ። የጎረቤታችንን ልጅ ከገበያ ይዘውት ሄደው እናቱ እስከዛሬ በር ላይ ነው የምትውለው። እኔ ደግሞ በሩ ተከፍቶልኝ፣ ግባ ተብዬ፣ ልጅሽ አልገባም አለ። ደርሶ እሺ ብሏል፣ የደርሶ እናት እልል ብላለች። ልጅሽ እምቢ።

ያላልኩት ነገር የለም። ሰው ያልሰማው ዘፈን ምን ዘፈን ነው፣ በርሜል ጀርባ ተደብቆ መጮህ የፈሪ ነው አልኩት። እዚያ ቆሞ የተስተካከለውን ማለት ነው የፈሪ አለኝ። ታዲያ እድሜ ልክህን ለከረጢት ልትዘፍን ነው ብለው፣ ሴቶቹ ከረጢት አይደሉም አለኝ። አደባባይ የወጣ ለት የኛ መሆኑ ይቀራል፣ የነሱ ይሆናል አለኝ። የነሱ ማለት የነማን፣ የኛስ ማለት የነማን፣ እኔ ግራ ገባኝ። ሕዝቡ ያው አንድ ነው፤ ወፍጮ ቤት የሚመጣውም አዳራሽ የሚጠራውም እቴቴ ዘውዴ ናት! ጥቅምና ጉዳቱን በጣቴ ቆጠርኩለት። ልጅሽ ጣቴን እያየ ያቺኑ የናፍጣና የቁጥር ግጥሜን በአፍንጫው ጀመረልኝ።

ያን ጊዜ ነው ትዕግሥቴ ያለቀው። "ዘፈኑ ይሙት! አንተ ኑርልኝ!" አልኩት። እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ትርንጎ ጋቢሽን ተከናንባ ማልቀስ ጀመረች።

ልጅሽ እንባዋን በጋቢው ጫፍ ጠረገላት። ከዚያ፣ "እሺ አባባ፤ እርስዎ እንዳሉ። ግን መጥተው እንዳይሰሙኝ" አለ።

ሄጄ ሰማሁት እንጂ! ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆምኩ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ተጠርቶ የማይመጣ የለም። መፈክሩ አለቀ፣ ንግግሩ አላልቅ ብሎ አለቀ። ልጆቹ ካኪ ለብሰው ወጡ፤ የአምሳሉ ሱሪ አጥሮበት ቁርጭምጭሚቱ ይታያል። በርሜሉን ነስተው ለደርሶ አዲስ ከበሮ ሰጥተውታል። የአምሳሉን ቆርቆሮም ወፍጮ ቤት አስቀርተው ደኅና ክራር ሰጥተውታል። የተስተካከለው ግጥም እንዲህ ነው፦

ወፍጮው ያጓራል እህል ሞልቶበት፣
ስብሰባው ደምቋል ሰፊው ሕዝብ ወጥቶበት።

አምሳሉ ጀመረው። ወይ ጉድ፣ የሻረግ፣ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ፤ ውሃ እንደሌለው ሸክላ። ድምፁ ያው ድምፅ ነው፣ ዜማው ያው ያንቺ ዜማ ነው፣ ግን ባዶ ነው። አጨብጭቡ የሚል ሰው ስላለ ይጨበጨባል። ልጄ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቃሉን እንደ ዕዳ እየቆጠረ ያወጣል። በል ተወው፣ ውረድ ልለው ነበር። እኔ ነኝ ያስወጣሁት፣ እንዴት ውረድ እለዋለሁ?

ያኔ ከግራ በኩል፣ ሴቶቹ ከተቀመጡበት አንድ ድምፅ ተሰማኝ። መጀመሪያ ሞተሩ የጠፋበትን መኪና ውጭ የሚያስነሡ መሰለኝ። እቴቴ ዘውዴ ናት። ከንፈሯን ገጥማ፣ ወደ ፊት እያየች፣ እም… ትላለች። አጠገቧ ያለችዋ ተቀበለቻት። ከኋላዋ ያሉት ተቀበሏት። እም… እያለ፣ ዝቅ ብሎ፣ ሳያቋርጥ፣ አዳራሹን ዞረው። ወፍጮው ነው። ሞተሩን ለዓመታት ያስነሣሁት እኔ ነኝ፣ ድምፁን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ራሱ ነው። አፉን የከፈተ ሰው የለም። ኃላፊው ማንን ምን ብሎ ይይዘዋል?

አምሳሉ ቀና አለ። አንድ ቃል አልቀየረም፣ አደራህን አትቀይር እያልኩ ስጸልይ ነበር፣ አልቀየረም። "እህል ሞልቶበት" ብሎ ጮኸ፣ እንደ በርሜሉ ጀርባ አድርጎ ጮኸ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። "ሰፊው ሕዝብ ወጥቶበት" ሲል የኋላው ሁሉ በሳቅ ተናጠ። የተስተካከለውን ይላል፣ ሰው ሁሉ የሚሰማው ያኛውን ነው። ደርሶ በአዲሱ ከበሮ ጠርዝ ጠርዙን ይነርተዋል። ኃላፊው ደግሞ ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ ደስ ብሎታል፣ ሕዝቡ ከመድረኩ ጋራ አንድ ሆነ ብሎ በኋላ እጄን ጨብጦኛል።

የአምሳሉ ስም በተለቀመው ውስጥ የለም። ለዚህኛው ዙር ማለቴ ነው፤ የሚቀጥለውን እግዜር ያውቃል፣ እኔ ግን ካሁኑ እያሰብኩት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ባለፈው ከኪነቱ ጋራ አርብ ገበያ ወረዱ። ገና ከመጀመሩ ሕዝቡ እም… አለ አሉ። ማን ነገራቸው? እቴቴ ዘውዴና አህያዋ ቀድመዋቸዋል።

ታዲያ ልጅሽ ተመሰገነ? አልተመሰገነም። አባባ አሸነፍኩ እንዳይሉ አለኝ፤ ሴቶቹ ወፍጮውን ተሸክመው ባይመጡ ኖሮ እዚያው ሞቼ ነበር አለኝ። አዳራሽ ከመግባትህ በፊት ማን ያውቅሃል፣ አሁን አርብ ገበያ ድረስ ታወቅህ ብለው፣ የታወቀው ያልተዘፈነው ነው አለኝ። እንግዲህ ይህን ምን ትይዋለሽ? ጠዋት ጠዋት ከጉዞ ሲመለስ ካኪውን አውልቆ ጥሎ በርሜሉ ጀርባ ይገባል፣ ሞተሩን ያስነሡልኝ ይለኛል። አስነሣለታለሁ። ናፍጣው የማኅበሩ ነው ስለው እንኳ አይሰማም። ከሱ ጋር መከራከር ከአንቺ ጋር መከራከር ነው፤ ያሸነፍኩ ሲመስለኝ ብቻዬን ቆሜ እገኛለሁ።

ልረሳሽ አልችልም ብዬ መጻፍ ፈልጌ ነበር፣ ደብዳቤ ላይ ሁሉም እንዲያ ይላል። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ጠዋት ሰው ሳይመጣ ሞተሩን አስነሣለሁ፣ እህል ሳልጨምር። ሲያጓራ ጠብቄ ያንቺን እላታለሁ፣ እሱ ያንኮራፋል የምትለዋን፣ በዚህ በሻከረ ድምፄ፣ እስከ መጨረሻዋ። እድሜ እስከሰጠኝ ድረስ አንድም ጠዋት አላስታጉላትም።

ትናንት እያልኳት ሳለ ልጃችን ገባ። ቆርቆሮውን ይዞ በሩ ላይ ቆመና አባባ ምን ነበር የሚሉት፣ ይድገሙልኝ አለኝ።

የሞተሩ ነው አልኩት።